ነጭ ዓሣ የሚወጣባት ጅረት፦ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 6

ነጭ ዓሣ እንደ ዱሮው እንቁላል እንዲጥልባት ልናድሳት ያሰብናትን ጅረት ዛሬ ከጉማራ ጋር ከምትገናኝበት ጀምሬ እስከ መስኖ ጠለፋው ድረስ ውኃ ውኃውን ወጣሁ። በጋው አድክሟታል፤ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ የደረሰችው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ጉማራ ከጉና ተነሥቶ ጣና እስኪገባ ከሚቀበላቸው ገባሮች አንዷ ናት፤ ይኸው ይበቃል። ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትን ቦታ በስሙ መጥራት መረብ ለያዘ ሰው መንገድ መምራት ነው።

ባለፈው መስከረም ሽማግሌዎቹ "ዱሮ ዓሣው ሲተራመስ የምናየው እዚህ እዚህ ነበር" ብለው አራት የጠጠር ቦታ አሳይተውኝ ነበር። ከአራቱ ደኅና ሆኖ ያገኘሁት አንዱን፣ የላይኛውን ብቻ ነው። ሁለቱን ደለል ውጧቸዋል፤ ጣቴን ስሰድ ጠጠሩ ከሥር አለ፣ ግን በጭቃ ተለስኗል። አራተኛውን አሸዋ የሚያወጡ ልጆች ጠራርገው ወስደውታል፤ የቀረው ጉድጓድ ነው።

ጠለፋው ጋ ስደርስ ለካሁ። ግንቡ ከታች ካለው ውኃ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሰው አንድ እግሩን አንሥቶ ይሻገረዋል። ዓሣ እንዲዘል ግን ከግንቡ ሥር ጥልቅ ውኃ ሊኖረው ይገባል፤ እዚህ ከሥሩ ሲሚንቶ ተነጥፎ ውኃው በላዩ ስስ ሆኖ ይፈስሳል። መንደርደሪያ የለውም። ይህ ግንብ ከተሠራ ጀምሮ ከበላዩ ዓሣ ያየ ሰው አላገኘሁም።

ግንቦት 7

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች "ለምን ጠጠር እናጥባለን?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን አስቀድሜ ልጻፈው።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ ከ30 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ከዚያ በታች ያለ ዓሣ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። ከፏፏቴው በላይ ተዘግቶ የቀረው ነጭ ዓሣ በዘመን ብዛት እየተለያየ ሄደና ዛሬ ተመራማሪዎች ላቤዎባርበስ በሚሉት ወገን ውስጥ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ። ገበያ ላይ ሁሉም "ነጭ ዓሣ" ነው። በእጅ ይዘው ሲያዩት ግን ኔድጂያ የሚባለው ከንፈሩ ወፍራም ሥጋ ነው፤ ሜጋስቶማ አፈ ሰፊ ነው፤ ማክሮፍታልመስ ዓይኑ ከሌሎቹ ይተልቃል። ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ ይኖራሉ። ይህ ወገን አፉ ላይ ጥርስ የለውም፤ የሚያኝከው ጉሮሮው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ግማሹ ዓሣ በል መሆኑ እኔን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ለእኛ ሥራ ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ከነዚህ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ እንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባ በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ድርማን፣ ግልገል ዓባይን ይዘው ይወጣሉ። ዋናው ወንዝ በዚያ ወቅት ጭቃ ስለሆነ እዚያ አይቆሙም፤ ውኃቸው ቶሎ ወደሚጠራ ትንንሽ ገባሮች ይገባሉ። እንቁላሉ በጠጠር መካከል ይወድቃል። ጠጠሩ ከጎርፍ ይጋርደዋል፣ በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውኃ ደግሞ አየር ያመጣለታል። ክፍተቱ በደለል ከተሞላ እንቁላሉ እዚያው ይታፈናል። ጣናን በሚያህል ሐይቅ የሚኖር ዓሣ የሚወለደው ጉልበት በማይሞላ ውኃ ውስጥ፣ በጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ጥፋቱም የመጣው በዚሁ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና አጥማጆች ቀረበ፤ ከዚያ በፊት ሥራው በደንገል ታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ቁጥር በ75 በመቶ፣ ገና ያላደጉት ትንንሾቹ ደግሞ በ90 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ትልቁ ዓሣ በመረብ ሲያዝ ቀነሰ ይባላል፤ ትንሹ ከትልቁም ብሶ ሲጠፋ ግን መውለዱ ራሱ ተሰናክሏል ማለት ነው።

ግንቦት 14

ከመስኖ ተጠቃሚዎቹ ጋር ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ጠለፋውን የሚነካ ሰው ከዱላ አያመልጥም ብሎ ያስፈራራኝ ሰው ስለነበር ሌሊቱን ጥሩ አልተኛሁም። መጀመሪያ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ክረምት ላይ በጠለፋው ትጠቀማላችሁ?"

"ልጄ፣ ሰማዩ እያዘነበልኝ ምን አደርግበታለሁ?" አሉ ከፊት የተቀመጡት አባት።

ዓሣው የሚወጣው ደግሞ በዚያው ጊዜ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ መዝጊያው ክፍት እንዲሆን፣ ከግንቡ በታችም የድንጋይ መወጣጫ እንድንሠራ ያለ ብዙ ክርክር ተስማሙ። የከበደው የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት ነገር ነው። ሽንኩርት የሚተከለው ያኔ ነው፤ የዓሣ ጫጩቶቹም ወደ ታች የሚወርዱት ያኔ ነው። "ደርሰን እናየዋለን" ተባብለን ተውነው።

አንዲት እናት ከወደ ኋላ ተነሥተው "ዓሣው ለእኛ ምናችን ነው? አይታለብ፣ አይጠመድ" አሉ። ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ እውነታቸውን ነው፣ እዚህ ከሐይቁ ርቆ ዓሣ የሚበላ ቤት ጥቂት ነው። "እማማ፣ ዓሣውን የሚያፍነው ጭቃ ከእርስዎ ማሳ የወጣ አፈር ነው፤ ማሳዎ ላይ ብናስቀረው ለእርስዎም ለእሱም ይተርፋል" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከስብሰባው በኋላ ግን እጄን ይዘው ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ቦረቦር አሳዩኝ። ልጅ እያለች የመጨረሻ ሴት ልጃቸው የምትዘለው ነበር፤ ዛሬ በሬ ይገባበታል።

ከግንቦት 18 እስከ 27

የቦረቦሩ ሥራ። ድንጋይ ክትር በስድስት ቦታ፣ በአፉ ላይ አንድ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን)፣ በዳርና ዳሩ ቬቲቨር ሣር። ሰዉ እርከን መሥራት ከእኔ በላይ ያውቃል፤ እኔ ድንጋይ ተሸከምኩ እንጂ ያስተማርኩት የለም።

ሰኔ 2

መወጣጫው ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ 60 ሳንቲ ሜትሩን በአንዴ ከመዝለል 12 ሜትር እየተንፏቀቁ መውጣት፤ ማለት በየ20 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍታ። ስምንት የድንጋይ ረድፍ እናቆማለን፤ በየረድፉ መካከል አንድ ሜትር ተኩል፣ ከረድፍ ረድፍ ያለው ከፍታ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። የአንዱ ረድፍ ክፍተት ከሚቀጥለው ጋር ፊት ለፊት እንዳይሆን እናዛንፋለን። ከገጠመ ውኃው ቀጥ ብሎ ይወነጨፍና ዓሣውን ይመልሰዋል። ከተዛነፈ ግን ከየድንጋዩ ጀርባ ጸጥ ያለ ውኃ ይፈጠራል፤ እዚያ ያርፋል።

ትልልቆቹ ድንጋዮች ሲሶአቸው መሬት ውስጥ መቀበር አለባቸው። ዲጅኖ ይዘው ሦስት ሰዎች ቀኑን ሙሉ የተከሉት አንድ ረድፍ ብቻ ነው።

ሰኔ 10

ስምንቱም ረድፍ ቆመ። መዝጊያውን ከፍተን ውኃ ለቀቅንበት፤ ልጆቹ ቅጠል እየጣሉ የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉ። አምስተኛው ረድፍ ላይ ውኃው ሁሉ በአንድ ጎን ያልፋል። ነገ ይስተካከላል።

ሰኔ 13

ትልቅ ስሕተት ሠራሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ልጻፈው። ጠጠር ማጠብ የጀመርኩት ለመንገድ ከሚቀርበው ከታችኛው ቦታ ነው። ከሽንኩርት ገበሬዎቹ አንዱ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን አዋሰን፤ ጎማውን ወደ ጠጠሩ እየሰደድን በውኃ ኃይል ደለሉን ስናስለቅቅ፣ ከኋላ ሌሎቹ በዶማ ሲያገላብጡ ሁለት ቀን ዋልን። ጠጠሩ ሲታይ አዲስ የተቀዳ ይመስል ነበር። ትናንት ከእሱ በላይ ወዳለው ቦታ ተሻገርን። ዛሬ ጠዋት ስመለስ ከላይ ያስለቀቅነው ደለል ሁሉ ወርዶ ታችኛው ላይ ተኝቷል።

ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው። ከሥር በኩል ደግሞ ገለባ የተሞላ ማዳበሪያ በረድፍ ተደርድሮ ደለሉን መያዝ፣ ሲሞላ በአካፋ እየወጣ ማሳ ላይ መበተን አለበት። ልጆቹን ሰብስቤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። የሁለት ቀን ድካማቸው ነው፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ሰኔ 19

አለቀ። በዕንቁላል መጠን ካለው ጠጠር እስከ ባቄላ የሚያህለው እንዳለ ተትቷል፤ የወጣው ጭቃና ድቃቅ አሸዋ ነው። ለአሸዋ አውጪዎቹ ጉድጓድ የሚሆን ጠጠር ከጅረቷ አላነሣንም፤ ከአሮጌ የመንገድ ሥራ የተረፈ ክምር ነበር፣ በወንፊት ነፍተን በአህያ አጓጓዝን። ከልጆቹም ጋር ተነጋግረናል፤ ከእንግዲህ ከድልድዩ በታች ብቻ ያወጣሉ። እንጀራቸው ነው፣ ሂዱ ማለት አልችልም፤ ቦታ መቀየር ግን ይቻላል።

ሐምሌ 9

ሌሊት ደራሽ መጣ። መወጣጫው ላይ ሁለት ረድፍ ተነቅሏል፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው፣ ማለት ከታች ያሉት። ከሥራቸው ውኃው ሲቦረቡር ነው የጣላቸው። ትልቅ ድንጋይ አሁን ማምጣት አይቻልም፣ መንገዱ አያስገባም። ማዳበሪያ ከረጢት በጠጠር ሞልተን አስገባንበት፤ እስከ መስከረም ይያዝልን። የላይኛው ጠጠር አልተነካም። የማማዋ ቦረቦር ክትሮች ሁሉ በአፈር ተሞልተዋል፤ ያ አፈር በሙሉ ጅረቷ ውስጥ ይገባ ነበር።

ሐምሌ 23

ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጠጠር ማጠቡ ከንቱ የሚሆነው እዚህ ነውና። ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ መረብ በወንዙ ወርድ ሙሉ ከተዘረጋ እንቁላል ያረገዘው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ፍልሰታ ሲገባ ጾሙን በዓሣ የሚይዘው ሰው ስለሚፈልግ ዋጋውም ከፍ ይላል። የመውለጃው ወቅትና የገበያው ወቅት መገጣጠማቸው ለዚህ ዓሣ ክፉ ዕድል ነው።

ሕጉ አለ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎታል። ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ የሚቆመው ግን አጥማጁ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምነጋገረው ከእሱ ጋር ነው።

አንድ ታንኳ ላይ ያደገ አጥማጅ፣ ዕድሜው ከአባቴ የሚስተካከል፣ ታንኳውን እያሰረ አዳመጠኝ። "እኔ ብተወው ያኛው ይይዘዋል። ያኛው ቢተወው የሞተሩ ይይዘዋል። ይህን አጣርተህ ና" አለኝ። ልክ ነው። ለአንድ ሰው የሚቀርብ ልመና አይደለም። ማታ አሥራ አንድ ሆነው ተቀመጡ፤ የወንዙ መካከል ሲሶው ያህል ከመረብ ነጻ እንዲሆን፣ ዳርና ዳሩን ብቻ እንዲይዙ፣ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 10 ድረስ እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ተስማሙ። ሦስቱ አልተስማሙም፤ ሳይደብቁ ነገሩኝ፣ ለዚያም አመሰገንኳቸው።

ነሐሴ 8

ሦስት ቀን ዘነበ፣ ትናንት አባራ። ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጅረቷ መጥራት ጀምራለች። ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለበትን ሳህን ወደ ውኃው ባወርደው እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ታየኝ፤ በዚሁ ሰዓት ጉማራ ውስጥ አንድ ስንዝር እንኳ አይታይም።

12 ሰዓት አልፎ ሲያመሽ ሦስተኛው ረድፍ ጋ ውኃው ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ድንጋይ የተነቀለ መስሎኝ ደንግጬ ቆምኩ። ጀርባው ነው። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ከድንጋዩ ጀርባ አርፎ፣ ጅራቱን አንዴ ሲመታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሁለት በአንድነት። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ ማንም አልተነፈሰም። እስኪጨልም 14 ቆጠርኩ፤ ከጨለመ በኋላ ድምፃቸውን ብቻ እየሰማሁ እስከ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ።

ነሐሴ 9

የላይኛው ጠጠር ላይ ዓሦቹ ሌሊቱን የቆፈሯቸው ገባ ገባ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ የተገለበጠው ጠጠር ከሌላው ይነጣል። በአንዱ ዳር ላይ ሁለት ጠጠር አንሥቼ አየሁና ቶሎ መለስኩ። ቢጫ እንቁላል አለ። ከዛሬ ጀምሮ ከብት እንዳይሻገርበት በእሾህ አጥረናል፤ የከብቱ መሻገሪያ 80 ሜትር ወደ ታች ወርዷል። የከብት ሰኮና በአንድ ጠዋት የሚያጠፋውን መረብ በሳምንት አያጠፋውም።

ነሐሴ 19

ከጎን ባለው ሌላ ገባር ብርብራ ተጨምሯል። የሰማሁት ረፍዶ ነው። ስንደርስ ውኃው ላይ የደቀቀው ፍሬ አረፋ ገና አለ፤ ትልልቁ ዓሣ ተለቅሟል፣ የቀረው ጣት የሚያህለውና ለማንም የማይሆነው ነው። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የሚባል ነገር አለው፤ ዓሣው ውኃ ውስጥ አየር እያለ መጠቀም እንዳይችል ያደርገዋል። ትልቅ ትንሽ አይመርጥም፣ ጫጩቱ የሚበላውን የውኃ ነፍሳትም ይጨርሳል። እንቁላል ባለበት ወር ሲጨመር አንድን ትውልድ ማጥፋት ነው።

ማን እንዳደረገው ሰፈሩ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የነፍስ አባታቸው ሊያነጋግሯቸው ቃል ገብተዋል። በጣም አዝኛለሁ፤ ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ነሐሴ 27

አንድ እንግዳ ከከተማ መጥቶ ሥራውን ካየ በኋላ "ይህን ሁሉ ከመድከም ጫጩት አራብቶ መልቀቅ አይሻልም?" አለኝ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለሆነ መልሴን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ 15ቱን ዝርያ እንደ አንድ "ነጭ ዓሣ" ቆጥሮ በአንድ ገንዳ ማራባት ለብዙ ሺህ ዓመት የተለያየውን መልሶ ማደባለቅ ነው። ሁለተኛ፣ ጠጠሩ ታፍኖ እያለ የተለቀቀው ዓሣ አድጎ የት ይወልዳል? ሦስተኛው በጣም የሚያስፈራኝ ነው፤ "ዓሣ መልቀቅ" ከተለመደ ነገ አንድ ሰው ቶሎ የሚያድግ የውጭ ዓሣ ያመጣል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናው የሚባል ሐይቅ አለ፤ እንደ ጣና የራሱ የሆነ፣ ከእኛ ነጭ ዓሣ ጋር በአንድ ሰፊ ቤተሰብ የሚቆጠር የዓሣ ዘር ነበረው። ከውጭ የገባ ዓሣ በል ዓሣና ያለ ልክ ማጥመድ ተባብረው ጨረሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ17ቱ ዝርያዎች 15ቱ ከምድር እንደጠፉ ተነገረ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዚህ ቤተሰብ ስብስብ በአንድ ሐይቅ ሳይፈርስ የቀረው ጣና ብቻ ነው። ለመሞከሪያ የሚሆን ሁለተኛ የለንም።

መስከረም 8

በጸጥታው ውኃ ዳር፣ ቄጠማው ሥር፣ እንደ ጤፍ አገዳ የቀጠኑ ጫጩቶች። በነጭ ሳህን ቀድቼ አየኋቸው፣ መለስኳቸው። ለምርምር ማዕከሉ የሚሆን ጥቂት ብቻ በአልኮል አስቀምጫለሁ፤ ዝርያቸውን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ከጠለፋው በላይም አሉ። ሽማግሌውን ወስጄ አሳየኋቸው፤ ጎንበስ ብለው ብዙ ከቆዩ በኋላ "እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ሁልጊዜ ትልቅ ሆነው ነው የሚመጡልን" አሉ።

መስከረም 24

የፈራነው ደረሰ። ዝናቡ ቀድሞ ቆመ፣ ሞተሮቹ ተነሡ። ዛሬ አምስት ሞተር በአንድ ጊዜ ሲሳብ ከጠለፋው በታች ጅረቷ ለሦስት ሰዓት ያህል ተቆረጠች። በየጉድጓዱ የቀሩትን ጫጩቶች በባልዲ እየቀዳን ወደ ታች አወረድን፤ ብዙዎቹ ግን ቀርተዋል፣ አሞራው አገኛቸው።

ማታ እንደገና ዋርካው ሥር። ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። አንዱ "ልጆቼን በሽንኩርት ነው የማሳድገው" አለ፤ እውነት ነው። ሌላው ግን ያልጠበቅኩትን ተናገረ፦ አምስቱ በአንድ ላይ ስለሚስቡ ለራሳቸውም ውኃው አይደርስም፣ የታችኛው ሰው ሞተሩን በባዶ ያስጮኻል፣ ነዳጁ ያልቃል። በተራ ቢሆን ለሁሉም ይሻላል። የዓሣው ክርክር ያላመጣውን የነዳጁ አመጣው። ከሁለት ሞተር በላይ በአንድ ጊዜ እንዳይነሣ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋት ጭራሽ እንዳይሳብ ተወሰነ። ጫጩቶቹም የሚንቀሳቀሱት ሲጨልም ነው።

ጥቅምት 5

ተራው እየተጠበቀ ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻ ተሰብሯል፣ እነሱው ተቀጣጡ። ጅረቷ ቀጥናለች፣ አልተቆረጠችም። ዛሬ ከጠለፋው እስከ ጉማራ ስወርድ ጫጩት ያየሁት በሰባት ቦታ ነው። የላይኛው ጠጠር ላይ ስስ ደለል ማረፍ ጀምሯል፤ ግንቦት ላይ እንደገና ይታጠባል፣ አሁን ከላይ ወደ ታች። የተነቀሉት ሁለት ረድፎች ከታኅሣሥ በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ይተከላሉ፤ ድንጋዩን አይቼ መርጫለሁ፣ ከጉብታው ሥር ነው።

ብርብራ የጨመሩት ሰው ትናንት ቤቴ መጡ። ቡና ጠጥተን ስለ ልጃቸው ትምህርት ተጫወትን፤ የገባሩን ነገር አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው "ግንቦት ላይ ሰው ስትፈልግ ንገረኝ" አሉኝ። ዲጅኖ አላቸው።